መድኃኒት የተባሉት ዘጠኝ ማሰሮዎች

አሥራ አራተኛው ማሰሮ ላይ ትናንት ለምሳ ስትወጣ አሥራ ሁለት ቅጠል ነበር። ዛሬ ጠዋት ስምንት ነው። እትዬ ማነህ መነጽሯን አውልቃ በጋውኗ ጫፍ ጠረገችና እንደገና ቆጠረች። ስምንት።

«ማነህ?» አለች ወደ ኋላዋ ዞር ብላ። ማንም አልነበረም፤ ከመስታወቱ ጣሪያ ላይ ውሃ ጠብ አለ እንጂ።

ስሟን ያወጣችላት ይህቺው «ማነህ?» ናት። ኮሽ ባለ ቁጥር፣ በር በተንኳኳ ቁጥር፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከአፏ የምትቀድመው እሷ ናት። የግቢው ሰው ፊት ለፊት «እትዬ» ይላታል፣ ዞር ስትል ሙሉውን ይጨምርላታል። ታውቃለች። መጀመሪያ ማን እንዳወጣው ግን እስከ ዛሬ አልደረሰችበትም፤ አራት ሰው ትጠረጥራለች።

ብትጠረጥርም አይፈረድባት። የምትጠብቀው ተክል ራሱ ማንን አሳምኖ ያውቃል? መዳፍ የማትሞላ ነገር ናት፤ ቅጠሏ ቀይ ጠጉር የለበሰ፣ በየጠጉሩ ጫፍ ጤዛ የመሰለ ጠብታ ያንጠለጠለ። ዝንቧ ተጠምታ «ውሃ አገኘሁ» ብላ ታርፋለች። ከዚያ በኋላ መነሳት የለም፤ ጠብታው ሙጫ ነው። ቅጠሉ ቀስ እያለ እንደ ጭብጥ ይታጠፍባታል፣ በሦስተኛው ቀን ሲገለጥ ክንፍ ብቻ ይቀራል። የአትክልቱ ግቢ ሠራተኞች «ዝንብ በል» ይሏታል።

ዝንብ በል ድሮ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ረግረግ ላይ እንደ ልብ ነበረች። አንድ ቀን ግን አንድ ባለሙያ በሬዲዮ ቀርቦ «በጭማቂዋ ውስጥ ለሳልና ለትንፋሽ ሊረዳ የሚችል ንጥረ ነገር አለ፤ ጉዳዩ ገና በጥናት ላይ ነው» አለ። «በጥናት ላይ ነው» ያለውን የሰማ የለም። «ለሳል» ያለውን ግን ደንቆሮ ሳይቀር ሰማ። በሁለት ወር ውስጥ ሰው ጆንያና አካፋ እየያዘ ወርዶ ረግረጉን እንደ ድንች ማሳ ገለበጠው። የተረፈውን ባለመሬቱ ውሃውን አፍስሶ የብሎኬት ማምረቻ አቆመበት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ተፈልጎ አንዲት እንኳ አልተገኘችም። እስከሚታወቀው ድረስ በምድር ላይ የቀሩት፣ እትዬ ማነህ የምትጠብቃቸው ሃያ ሰባት ማሰሮዎች ናቸው። አበባ የሚያወጡት በየሁለት ዓመቱ ነው፤ የዘንድሮው ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ጥቂት ቅጠል ቢቆረጥባት ትተካለች፤ የተመለጠች ዝንብ በል ግን አታብብም፤ ያላበበች ዘር አትሰጥም። እነዚህ ካለቁ ዘሩ አለቀ ማለት ነው፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እና አንድ ሰው በመቀስ እየቆረጠ ይወስዳቸዋል። በየቀኑ ሦስት፣ አራት። ወር ሊሞላው ነው።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አለች ለራሷ፣ ደብተሯ ላይ እየጻፈች። «ንቀውኛል። እሺ። እናያለን።»

መጀመሪያ የጠረጠረችው በረኛውን ነው። ሻምበል ይሉታል፤ በዕድሜው አንድ ቀን ወታደር ቤት ገብቶ አያውቅም፣ አረማመዱ ነው ያሾመው። ሲጋራ ያጨሳል፣ ስለዚህ ያስላል፣ ስለዚህ ይሰርቃል። ሂሳቧ እንዲህ ነበር። በሩ ላይ ስትደርስ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«እትዬ፣ ሰሞኑን ደህና ነሽ ማለት ነው» አላት ሻምበል። «ድሮ ከመስታወቱ ቤት ስትስዪ እዚህ ድረስ ነበር የምሰማሽ። አሁን ጭጭ አልሽ።»

እውነቱን ነው። የረግረግ አፈር ብናኝ አራት ዓመት ሙሉ ደረቷን ሲሞርድ ኖሮ፣ በዚህ ወር ሳሉ ጋብ ብሎላታል። እሷ ግን ደስ ከመሰኘት ይልቅ ጆሮዋን አቆመች። «የእኔን ሳል ምን ብሎ ይቆጥራል?» አለች በሆዷ። ለእንዲህ ያለ ሰው እንግዲህ ምን ይደረግለታል? እግዜር ይማርሽ ብትላት «ታምሜያለሁ ያለው ማነው?» የምትል ናት።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ቀማሚው ነው። ከመስታወቱ ቤት ጀርባ ባለችው ላቦራቶሪ የዝንብ በልን ጭማቂ የሚያጠና ወጣት ነው፤ በወር ሁለት ቅጠል ብቻ፣ እሱም በፊርማ፣ ትሰጠዋለች። «እትዬ፣ በሁለት ቅጠል ምን ላጠና እችላለሁ?» ብሎ ለምኗት «ቀስ ብለህ አጥና» ብላዋለች። ቅጠል የሚፈልግ እሱ፣ መቀስ ያለው እሱ፣ ዝምተኛ እሱ። ዝምተኛ ሰው ደግሞ አትወድም።

ከጥርጣሬዋ ነፃ የሆኑ በግቢው ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንደኛዋ ራሷ ናት። ሁለተኛዋ የግቢው ጽዳት ሠራተኛ፣ ታናሽ እህቷ ናት። ታናሿ ባሏ ከሞተባት ወዲህ አብረው ነው የሚኖሩት። ምሳ ሰዓት ላይ የመስታወቱን ቤት ወለል የምትወለውለው እሷ ብቻ ናት፤ «ሌላ ሰው ከሚገባብኝ እህቴ ትግባ» ብላ ያስፈቀደችላት እትዬ ማነህ ራሷ ናት። ማታ ማታም ማርና ሎሚ በሙቅ ውሃ በጥብጣ፣ ብርጭቆው እስኪጨለጥ ቆማ የምታስጠጣት ይህቺው ታናሿ ናት።

በዚያው ቀን ሻምበልን ለምስክርነት አስከትላ ላቦራቶሪው ገባች።

«መሳቢያህን ክፈት።»

ቀማሚው ከማጉያ መነጽሩ ቀና አለ። «ምን ተገኘ እትዬ?»

«ምንም አልተገኘም፤ ሊገኝ ነው። ክፈት።»

ከፈተ። ጓንት፣ የተሰበረ ቴርሞሜትር፣ በወረቀት የተጠቀለለ ግማሽ ዳቦ፣ አንድ እግር ካልሲ። እትዬ ማነህ ካልሲውን ገልብጣ አራገፈችው። ሻምበል አፍሮ መስኮት መስኮቱን ያያል። በሩ ላይ ሁለት ሠራተኞች ቆመው ያዳምጣሉ።

«ሲጨርሱ መሳቢያውን ይዝጉልኝ» አለ ቀማሚውና ወደ ሥራው ተመለሰ። ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር።

ስትወጣ ምን አለች መሰላችሁ? «ንጹሕ ቢሆን ይቆጣ ነበር!» ቢቆጣ ደግሞ «ሌባ ባይሆን ምን አስቆጣው?» ልትል ነበር። በየት በኩል ይለፍ ይህ ምስኪን!

በማግሥቱ ሌላ መከራ መጣ። ዘጠኝ ማሰሮዎች ላይ ክሽክሽ ወጣ፤ ያቺ ቡቃያ የምትመጥ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የምታንስ አረንጓዴ ተባይ። «ወይ ጉድ! ነፍሳት የሚበላ ተክል በነፍሳት ይበላ?» አለች። ሌላ መላ አልነበረምና ጓንቷን አጥልቃ፣ አፍንጫዋን ሸፍና፣ መርጫዋን አንግታ ዘጠኙንም ረጨቻቸው። የረጨችው ነገር ጨዋታ አይደለም፤ ሦስት ሳምንት በባዶ እጅ አይነካም። በካርቶን ቁራጭ ላይ በትልልቁ «መድኃኒት» ብላ ጽፋ በየማሰሮው ሰካች። የአትክልት ሰው ያንን ካየ እጁን ይሰበስባል። «ይኸው ሌባውም ይፈራ» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል ብሏት ወደ ቤቷ ሄደች።

አራት ቀን አለፈ። በእነዚያ ቀናት ደህና አልነበረችም። ያልባታል፣ ምራቅ አፏን ይሞላዋል፣ ደብተሯ ላይ ያለው ቁጥር ይደበዝዝባታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። «ንዴት ነው» አለች። «እነዚህ ሰዎች በንዴት ሊገድሉኝ ነው።»

ነገሩ ደግሞ በእውነት የሚያናድድ ነበር። ካርቶን ያልተሰካባቸው አሥራ ስምንቱ ማሰሮዎች ከዚያ ወዲህ አንዲት ቅጠል አልጎደለባቸውም፤ ክሽክሹም አልደረሰባቸው፣ መቀሱም አልነካቸው። ክሽክሹ ጥቂት ቅጠል ብቻ ያስቀረላቸው፣ የተረጩት ዘጠኙ ግን ተመልጠዋል። አንደኛዋማ ግንዷ ብቻ እንደ ክብሪት እንጨት ቆሟል። በአራት ቀን አሥራ ዘጠኝ ቅጠል!

አንዱን ካርቶን መዝዛ እየሮጠች ላቦራቶሪው ገባችና ቀማሚው አፍንጫ ሥር ደቀነችው።

«አሁንስ ምን ትላለህ? ይህን ተክል የሚነካ ጓንት ያለው ሰው ነው! ጓንት ያለህ አንተ ነህ! ተረጭቷል ብዬ ጽፌ እያለ፣ እሱኑ መርጠህ…»

ቀማሚው ካርቶኑን ተቀብሎ አየው።

«እትዬ፣ እዚህ ላይ ‹ተረጭቷል› የሚል የታለ?»

«ማንበብ አትችልም? መድኃኒት ይላል!»

«መድኃኒት ይላል» አለ ቀማሚው ቀስ ብሎ። «እርስዎና እኔ ስናየው የተባይ መድኃኒት ነው። ሌላ ሰው ቢያየውስ? ሬዲዮ የሰማ፣ ሳል የያዘው ሰው ያለበት ቤት… ከሃያ ሰባት ማሰሮ መካከል ዘጠኙ ላይ ‹መድኃኒት› ተብሎ ቢጻፍለት፣ የትኛውን ነው የሚቆርጠው?»

እትዬ ማነህ ካርቶኑን መልሳ ተቀበለችው። አጠገቧ ባለው የአፈር ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። መርዙን ራሷ ረጭታ፣ ራሷ «መድኃኒት» ብላ ጽፋ፣ ሌባውን መንገድ መርታዋለች። አንድ ሰው፣ የት እንዳለ የማታውቀው ሰው፣ አራት ቀን ሙሉ ያንን እየጠጣ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሌባውን ለመያዝ ሳይሆን ለማትረፍ ፈለገች።

«ሰውን ሁሉ ጥራልኝ» አለችው። «አሁኑኑ!»

ችግኝ ማፍያው ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ሻምበል ከፊት፣ ቀማሚው በሩ አጠገብ፣ ሁለቱ ውሃ አጠጪዎች ግድግዳ ተደግፈው፣ ታናሿ ከኋላ መወልወያዋን ይዛ።

«ስሙኝ» አለች እትዬ ማነህ። «ቅጠሉን የወሰደው ማንም ይሁን፣ ይቅር ብያለሁ። ፖሊስ የለም፣ አለቃ የለም፣ ማንንም አልጠይቅም። ብቻ ይንገረኝ። ቅጠሉ መርዝ ነው። የተረጨ ነው። የጠጣ ሰው ካለ አሁን ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንደኛው ውሃ አጠጪ ፈገግ አለ።

«እባካችሁ!» አለች።

«እትዬ» አለ ሻምበል ራሱን እያከከ፣ «እንዳትቀየሚኝ። ይቺ ወጥመድ ጥሩ ናት፤ ግን አንቺን እናውቅሻለን። በቀደም ካልሲ ስታራግፊ የነበርሽ ሰው ዛሬ ይቅር አልኩ ብትዪ ማን ያምንሻል?»

«እውነቴን ነው! በልጅነቴ ይሁንብኝ፣ በእናቴ መቃብር ይሁንብኝ!» እንባዋ መጣ። ሠራተኞቹ ግን እንባዋንም ጠረጠሩት። አሥራ አምስት ዓመት ሰውን ስትጠረጥር ኖራ፣ እመኑኝ ያለች ቀን የሚያምናት አንድ ሰው አጣች። ይህ ከዘረፋው ሁሉ ይልቅ ቆረጣት።

«እሺ አትመኑኝ፣ ምልክቱን ብቻ ስሙ» አለች ድምጿ እየተሰባበረ። «ቤታችሁ ሄዳችሁ የታመመውን ሰው እዩት። ላብ ያሰምጠዋል። ምራቅ አፉን ይሞላዋል። ዓይኑ ይደበዝዝበታል፤ ጽሑፍ አይታየውም። እጁ…»

ሻምበል እጇን እያየ ነበር። ካርቶኑ በእጇ ላይ እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል።

ከኋላ የመወልወያ እንጨት ወለሉ ላይ ወደቀ።

«እታለም» አለች ታናሿ። ፊቷ አመድ መስሏል። «እታለም፣ ቁጭ በይ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ቁጭ በይ ነው የምልሽ! አንቺ ነሽ።»

«እኔ ምን?»

«የጠጣሽው አንቺ ነሽ። ማታ ማታ… ከማሩ ጋር። ወይኔ እህቴን! ወይኔ በእጄ!»

ቀማሚው ነው ብድግ አድርጎ የተሸከማት። ያ መሳቢያው የተበረበረው ቀማሚ በራሱ ጀርባ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ወሰዳት።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ ሐኪሟ የእትዬ ማነህን ዓይን በባትሪ አየች። ብሌኑ እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠቧል። «ምን ያህል ነው የወሰዱት? በትክክል ንገሩኝ፤ የምሰጠው መድኃኒት በዚያ ነው የሚወሰነው።»

«አንዳንዴ ሦስት… አንዳንዴ አራት… እኔ እንጃ…» ታናሿ አለቀሰች።

«አሥራ ዘጠኝ ቅጠል» የሚል ድምፅ ከአልጋው ላይ መጣ። «በአራት ቀን። የመጀመሪያው ቀን አራት፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ አምስት፣ ትናንት ስድስት።»

ሐኪሟ ብዕሯን አቆመች። «እያወቁ ነው የጠጡት?»

«ሳላውቅ ነው የጠጣሁት» አለች እትዬ ማነህ። «እያወቅሁ ነው የቆጠርኩት።»

ሁለት ቀን መርፌ ስትወጋ ከረመች። በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ጠራ፣ እጇም ረጋ። እህቷ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጣ ነበር፤ እህል አልቀመሰችም።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?» አለቻት።

«ብጠይቅሽ ትሰጪኝ ነበር?»

እትዬ ማነህ አሰበች። መዋሸት አልፈለገችም። «አልሰጥሽም።»

«ይኸዋ! አራት ዓመት ሌሊት ሌሊት ስትታፈኚ ግድግዳውን ተሻግሮ የምሰማው እኔ ነኝ። ደም የነካው መሐረብሽን አንቺ እንዳታዪው በጠዋት የማጥበው እኔ ነኝ። አንቺ የምታስቢው ለሣሩ ነው። እኔ ደግሞ ሣሩ ይለቅ አልኩ፤ አንቺ ከምታልቂ። ጥሩው የትኛው እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር። ከዚያ ‹መድኃኒት› ብለሽ ጽፈሽ ሳገኘው ‹እግዜር አመላከተኝ› ብዬ… ጨመርኩልሽ።» ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

እትዬ ማነህ ልትቆጣት ፈለገች፤ ቁጣው ግን የት እንደገባ ጠፋባት። እጇን ዘርግታ የታናሿን ራስ ወደ ደረቷ ሳበችው። ስንት ዓመት እንዲህ እንዳላደረገች አላስታወሰችም።

ከሰዓት በኋላ ቀማሚውና ሻምበል ሊጠይቋት መጡ። ብርቱካን ይዘዋል።

«በድዬሃለሁ» አለችው ቀማሚውን ገና ሳይቀመጥ። «በሰው ፊት ነው ያዋረድኩህ፤ ይቅርታም በሰው ፊት ነው የምልህ።»

«ይተዉት እትዬ። እኔም ሰው ስጠረጥር ነበር።»

«ማንን?»

ቀማሚው ሻምበልን አየ። ሻምበል ኮፍያውን አየ።

«እርስዎን» አለ ቀማሚው።

«እኔን?»

«ሁላችንም ነን» አለ ሻምበል። «ምን እናድርግ እትዬ? ቀኑን ሙሉ ከተክሎቹ ጋር የምትውዪው አንቺ። ቅጠሉ በጎደለ ቁጥር ሳሉ የሚቀልልሽ አንቺ። ‹እትዬ ራሷ እየበላች እኛን ታምሰናለች› እንባባል ነበር። አልተሳሳትንም እኮ!»

ሳቀች። ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ አልጋው ተንቀጠቀጠ። ሳቁ ግን መሀል ላይ ተሰበረና ሳል ሆነ። ያው የድሮው ሳል፣ ከታች ቆፍሮ የሚመጣው። ወር ሙሉ የረሳችው ነገር በሦስት ቀን ተመልሶ መጥቷል። ታናሿ ብድግ ብላ ጀርባዋን ደገፈቻት። ብዙ ቆይቶ ሲያልፍላት፣ ትንፋሿ እያፏጨ ትራሱ ላይ ወደቀች።

«ተክሎቹስ?» አለች።

«ከዘጠኙ ሰባቱ የሚተርፉ አይመስለኝም» አለ ቀማሚው። «አሥራ ስምንቱ ግን ደህና ናቸው። ማሰብ የለብዎትም፤ በአምስት ሳምንት ያብባሉ።»

«ለሳል በእውነት ይሠራል? አንተ ታውቃለህ።»

«አላውቅም እትዬ። ማሩም ሊሆን ይችላል፣ ሎሚውም። ዘሩ ከተረፈ ነው የማውቀው።»

እሷ ግን ማሩ እንዳልነበረ ደረቷ ይነግራታል። ማርና ሎሚ አራት ዓመት ሙሉ ጠጥታለች። በዚህ አንድ ወር ውስጥ ብቻ ነው ትንፋሽ እስከ ሆዷ ድረስ የገባላት፤ ደረጃ ሳታርፍ የወጣችው፤ ሌሊቱን ሳትነቃ ያደረችው። ጣፋጭ ነገር ነው፣ አየር። ዓይኗን ጨፈነች። አሥራ ስምንት ማሰሮ። ያልተረጩ፣ ንጹሕ። በየማሰሮው አሥራ ሁለት ቅጠል። በቀን ሦስት ቢሆን… ሰባ ሁለት ቀን።

ሂሳቡን ጨርሳ ነው ምን እያደረገች እንደሆነ የገባት። ዓይኗን ገለጠች። እንዲህ የማንም ሌባ ፈለግ አስፈርቷት አያውቅም።

«ከዚህ ስወጣ» አለች ቀማሚውን እጁን ይዛ፣ «ብቻዬን አታስገቡኝ።»

«የት እትዬ?»

«ከተክሎቹ ጋር። እስኪያብቡ ድረስ ብቻዬን አታስገቡኝ።»

ቀማሚው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሻምበልም ሳቀ። ታናሿ አልሳቀችም። የእህቷን ፊት ትክ ብላ አየች፣ ደረቷ ሲያፏጭ ሰማች፣ ከዚያ ራሷን ዝቅ አደረገች።

«እኔንም» አለች።